ጠጠር ያለበት ምስር

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት አንድ ኪሎ ምስር ገዝቼ የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየሜ ገባሁና እንደ ልማዴ ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩት። ላስቲኩ ላይ «የተለቀመ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ እውነትም አንዲት ጠጠር አልነበረችበትም። ሽታው ግን አልተለወጠም፤ ያ ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል የጆንያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ጣቴ የሚለቅመው አጥቶ ሰፌዱ ላይ እንደቀረ፣ እኔ አርባ ዓመት ወደኋላ ሄጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ የምንኖረው ዛሬ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በጋ ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲህ ባለው ሜዳ የሚግጡት ላሞች አውሮፕላን አናታቸው ላይ ሲያጓራ ቀና እንኳ አይሉም። አባቴ ገና ዳዴ ስል ነው የሞተው። እናቴ አስካለ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ወንድሜ ግርማ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከበራችን ስለበለጠ ግንባሩ ከመቃኑ ጋር የማይጋጭበት ቀን አልነበረም፣ በተጋጨ ቁጥር ደግሞ በሩን «ይቅርታ» ይለው ነበር።

የተወሰደው በጠራራ ፀሐይ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶች ከየመንገዱ የሚታፈሱበት ሰሞን ስለነበር እማዬ ከቤት እንዳይወጣ ስትከለክለው ሰንብታ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ምድጃው ደርቆ ላምባ እንዲገዛ ላከችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በራችንን ያንኳኩት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ከጎናችን ትንሽ ሱቅ የከፈቱ፣ ሻሻቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ ድምፃቸው ግን እስከ አስፋልቱ የሚሰማ ሴት። ያን ዕለት ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። የላምባውን ጀሪካን አቀበሏትና «ከሱቄ ፊት ለፊት ነው መኪና ላይ የጫኑት፤ ይሄን ለእማዬ ይስጡልኝ አለኝ» አሏት።

እማዬ ጀሪካኑን ተቀበለች። ላምባውን ምድጃው ውስጥ ጨመረች፣ ለኮሰች፣ ሽሮ ሠራች፣ ለሦስት ሰው አቀረበች። አላለቀሰችም።

ሁለት ቀን ቀበሌ ተመላልሳ ወደ ማሠልጠኛ መላኩን ከነገሯት በኋላ የትም አልሄደችም፣ ከቢሮ በስተቀር። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና እጆቿን እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ጎረቤት እየመጣ «አይዞሽ» ይላታል፤ «እሺ» ትላለች። እኔም አላለቀስኩም፤ ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ደንዝዞብኝ፣ ቢነካም የማይሰማኝ ሆኜ፣ የቤት ሥራዬን በጥሩ ጽሕፈት እሠራ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ እትዬ ዘይነባ አንድ ሰፌድ ምስር ይዘው ገቡና ሳይቀመጡ፣

«አስካለ፣ ዓይኔ ደክሟል። እስቲ ይሄን ልቀሚልኝ፤ ደንበኛው ሁሉ ጥርሴን ሰበርሽኝ እያለ ሊጨርሰኝ ነው» አሉ።

እማዬ ሰፌዱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች። ጠጠር እያወጣች አጠገቧ ያለው ጣሳ ውስጥ ስትጥል ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ቤታችን ውስጥ ከስንት ቀን በኋላ የተሰማ ድምፅ እሱ ነበር። በማግስቱም ምስር መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። እንዲህ ስንከርም አንድ ቀን እማዬ ኮቷን አውልቃ ተቀመጠች። ሌላ ቀን ደግሞ እፍኝ ሙሉ ጠጠር ከጣሳው ዘግና እያየች፣ «እትዬ ዘይነባ፣ ይሄን ምስር የሚያመጡት ከእርሻ ነው ወይስ መንገድ ከሚሠራበት?» አለች። እትዬ ዘይነባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም፤ ግን ተናግራለች።

ከዚያ ወዲህ ለቀማው ሲያልቅ ሁለቱ ነጠላቸውን ደርበው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር በእግራቸው መሄድ ያዙ፤ እኔም እከተላለሁ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና ነፋሱን በደረታቸው ተቀብለው፣ እማዬ በረጅሙ ትተነፍስና እንመለሳለን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ጨው ልገዛ ብሄድ ሱቁ ውስጥ ሰው የለም። ከመጋረጃው በስተጀርባ አጮልቄ ሳይ እትዬ ዘይነባ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንድ በኩል ጥርት ያለ ምስር፣ በሌላ በኩል ደግሞ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ጠጠር። እፍኝ አፍሰው ምስሩ ላይ በተኑና በመዳፋቸው አዋሃዱት። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ከዚያ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ልጄን ጀማልን በቀይ ሽብር ሲገድሉብኝ ማልቀስ እንኳ ክልክል ነበር። ምን ላድርግ? ሱቅ ውስጥ ያለውን እህል ሁሉ ሦስቴ አራቴ ለቀምኩት። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ትንሽ ያርፋል። አብሽሪ ልጄ፣ ሌላ መላ አላውቅም።»

አልነገርኳትም።

ከግርማ አንድ ደብዳቤ ብቻ ደረሰን፤ ደህና ነኝ፣ እዚህ ውሃ ውድ ነው፣ እትዬ ዘይነባን ሰላም በሉልኝ ይላል። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን እማዬ መገናኛ ዳር እየቆመች ከኮተቤ በኩል የሚመጡትን፣ እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ፊታቸው የተመሳሰለ ልጆች አንድ በአንድ ስታይ ከረመች። እትዬ ዘይነባም ሱቃቸውን ዘግተው አብረዋት ይቆሙ ነበር። ግርማ አልመጣም። ሞቷል ብሎ ያረዳንም ስለሌለ ድንኳን አልተጣለም፤ ዝም ብሎ ሳይመጣ ቀረ።

እማዬ ጡረታ ወጥታ፣ አርጅታ፣ ልትሞት ሰሞን አልጋዋ ላይ ሆና ድንገት፣ «ያን ሁሉ ጠጠር ሲያጥቡ ወገባቸውን አላመማቸው ይሆን?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«አንድ ቀን ሳይደርቅ አመጡት» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀች ለቅማለች፤ እሳቸውን ላለማሳፈር ይሁን ለራሷ ብላ አልነገረችኝም።

እትዬ ዘይነባ እሷን ተከትለው ሄዱ። ሰፈሩ ፈርሶ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ሰባት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶበታል፤ በሥራ ምክንያት በዚያ ሳልፍ በራችን በየት በኩል እንደነበር መገመት እንኳ አቅቶኛል። ግርማ ቢኖር ዛሬ ወደ ስድሳው ይጠጋ ነበር። እሱን በመልክ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ የቀረ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን እያደር የማስታውሰው ቁመቱን ብቻ ሆኗል።

በዚህ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከግድግዳዬ ማዶ የምትኖረው ወጣት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን እንጂ ስሟን አላውቅም። ወጥቼ በሯ ላይ ቆምኩ፣ እጄንም አነሳሁ። ግን ምን ብዬ ልግባ? ምን ይዤ መጣሁ፣ ምን አድርጊልኝ ልበላት? እትዬ ዘይነባ ሰበቡን የሚያገኙት ከየት እንደነበር ሳልጠይቃቸው ቀርቻለሁ። ተመለስኩና ልቅሶው እስኪያቆም ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥኩ።