ሁለት የኪስ ዋይፋይ ይዤ ወደ መካነ ሰላም

ሐሙስ

ከወረኢሉ የተነሳሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የኪስ ዋይፋይ አሉ። መዳፍ የማይሞሉ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ሲም ካርድ ሲገባባቸው ኢንተርኔቱን ለስልክ ያካፍላሉ። ነጩን የወንድሜ ልጅ ደሴ ገዝቶልኛል። ጥቁሩን ከዐረብ አገር ከተመለሰች ጎረቤቴ ተዋስኩት፤ እህቴ ዘንድ ከቀረ ምትኩን ልገዛላት ተስማምተናል።

ታናሽ እህቴ በላይነሽ ከመካነ ሰላም ወዲያ ገጠር ነው የምትኖረው። ልጇ እታፈራሁ ዐረብ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። መደወል የምትችለው በአሠሪዎቿ ኢንተርኔት፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በእህቴ መንደር ደግሞ ኢንተርኔት በስልክ አይከፍትም። ስለዚህ እናት ከፋሲካ ወዲህ የልጇን ድምፅ አልሰማችም። ሐሳቤ ሁለቱን ዋይፋይ በየመንገዱ እያወዳደርኩ ሄጄ፣ የተሻለውን እህቴ ዘንድ መተው ነበር።

ጉጉፍቱ ላይ መኪና ለመቀየር ወረድኩ። ጉሙ ከመንገዱ አልተነሳም። ሰው የሚያክሉት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ አንዱን ሰው መስሎኝ እጅ ነሳሁት። ነጩ አንድ የኔትወርክ መስመር አሳየ፣ ጥቁሩ ሁለት። በደብተሬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው የአብሽ ከረጢት የያዘች ነጋዴ ነበረች።

"ይኼ ምንድን ነው እሜቴ፣ ራዲዮ ነው?"

"ኢንተርኔት ነው። ለእህቴ ለበላይነሽ ነው የምወስደው፤ ልጇ ዐረብ አገር ናት።" መንደሯን ነገርኳት።

ሴትዮዋ ወሬዋን አቆመች። ጊምባ ለሻይ ስንወርድ ሂሳቡን ቀድማኝ ከፈለች።

"ምነው ልጄ?" አልኳት።

"አይዟችሁ፣ አላህ አለ።"

"ለምኑ ነው አይዟችሁ?"

"ለመንገዱ" አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። 

ጊምባ ላይ ሁለቱም በደንብ ሠሩ፤ ነጩ እንዲያውም ፈጠነ። አቀስታ ሽሮ በልቼ ስነሳ ግን ነጩ ግሎ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ባትሪው አራት ሰዓት ነው የቆየው። የጥቁሩ ገና አልተጋመሰም። መካነ ሰላም አመሻሽ ላይ ገብቼ አልጋ ያዝኩ።

ዓርብ

ጠዋት በባጃጅ ሄጄ የቀረውን አንድ ሰዓት በእግሬ ተጓዝኩ። የእህቴ ግቢ ውስጥ የተፈለጠ እንጨት እስከ ወገቤ ተከምሯል። ውሃ የሞሉ ጄሪካኖች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

"ማን ፈለጠልሽ?"

"እኔ እንጃ እቴቴ። ሰሞኑን ሰዉ ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ጤፌን አስፈጭተው አመጡልኝ፤ ውሻዬን እንኳ ወስደው አሰሩልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሳልሰማ ሊድሩኝ ነው መሰል!" ብላ ሳቀች።

 በጎረቤት አጥር ላይ አሻግሬ ሳይ አግዳሚ ወንበሮችና የተጠቀለለ ድንኳን ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይመር ከአጥሩ ውጭ ጠርተው አስቀመጡኝ።

"ነገ ጎህ ሲቀድ ነው የምናረዳት" አሉኝ። "ሰዓዳ ሞተች ብሎ ደላላው ላከ። አንቱም ለዚሁ የመጣችሁ መስሎን ነበር።"

ሰዓዳ ማለት እታፈራሁ ናት። የክርስቲያን ልጅ ብትሆንም ደላላው ለፓስፖርቷ ያወጣላት ስም ይኸው ነው። በዚያ መንገድ የሄዱ ብዙ ናቸው።

"ያን ነገር እንዳትከፍቱት" አሉ ጋሽ ይመር፣ እጄ ላይ ያለውን ዋይፋይ እያዩ። "መርዶ በስልክ አይገባም። በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው።"

ከቤት እህቴ ተጣራች። "እቴቴ! ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው እኮ!"

"እዚህ አልያዘም፤ ገደል አፋፍ ላይ ልሞክር" አልኳት።

የሞት ወሬው እውነት ከሆነ የኀዘን መልእክት ይገኛል ብዬ ነው፤ ብቻዬን ላየው ፈለግሁ። አፋፉ ላይ ነፋስ የለም፤ ወፍም አልሰማሁም። እታፈራሁ እንዳትሆን ለመንኩ። ነጩ አራት መስመር ያሳያል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ጥቁሩን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት መስመር አሳየና ከፈተ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ስሙ የእታፈራሁ ነበር።

ጋሽ ይመር ተከትለውኝ መጥተው ኖሯል። "አዑዙ ቢላህ! አታንሱት!"

አነሳሁት። ምስል የለም። ጨለማና የሰው ትንፋሽ ብቻ።

"አክስቴ?"

ፊቷ ቁርጥራጭ ሆኖ መጣ፤ ዓይኗ ከአንድ ወገን፣ አፏ ከሌላ። ላምናት አልቻልኩም።

"የአባትሽ በሬ ስሙ ማን ነበር?" አልኳት።

"ቦራ ነዋ! ምን ሆንሽ አክስቴ? እናቴ ታመመች እንዴ?"

ያን ጊዜ እህቴን ጠራኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ጋሽ ይመር ፊታቸውን አዙረው ቆዩና በመጨረሻ ስልኩን ተቀበሉ።

"ልጄ፣ ሌላ ሰዓዳ የምትባል ታውቂያለሽ?"



"አንዲት አለች፤ አብረን ነው የሄድነው፣ ባንድ ደላላ" አለች። "የደጎሎ ልጅ ናት። የቤት ስሟ ጥሩወርቅ ነው። ምን ሆነች?"

"እናጣራለን" ብለው ዘጉ። ለደላላው ደውለው ፎቶ አስላኩ። ለእታፈራሁ ብናስተላልፍላት የጥሩወርቅ ነው አለች።

ቅዳሜ

ጥቁሩን እህቴ ዘንድ ተውኩት። ጋሽ ይመርና አንድ ሌላ ሽማግሌ ወደ ደጎሎ ሲነሱ መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ወረኢሉ ደረስን፤ ደጎሎ ከዚያ ወዲያ ነው።

"እሜቴ፣ እናትዬዋን የምትይዝ ሴት ያስፈልገናል" አሉኝ ጋሽ ይመር። ቤቴን በመስኮት አየሁት፤ አልወረድኩም።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ደጎሎ፣ የጥሩወርቅ እናት ደጅ ላይ ቆምን። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ሦስታችንንም አየች። ጋሽ ይመር እስኪናገሩ አልጠበቀችም።

"ልጄ ናት። ማን ነገራችሁ?"

"አብራት የሄደች ልጅ" አልኳት።

"እሷ አለች?"

"አለች።"

"እናቷ ሰማች?"

"ድምፅዋን ሰማች።"

"እሰይ" አለችና ክንዴ ላይ ወደቀች።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ለመንገደኛ የምለው ይህ ነው፦ ከተማ ለከተማ ለሚሄድ ነጩ ይበቃዋል፣ ገጠር ለሚዘልቅ ጥቁሩ ይሻላል፤ የመስመሩን ብዛት አትመኑ። ስለ ራሴ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። አፋፉ ላይ የእኛ ልጅ እንዳትሆን ብቻ ለምኜ ነበር፤ የማን ልጅ ትሁን ማለቴ እንደሆነ አላሰብኩም።