የሐሙሷ ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ትልቁም ትንሹም «እትዬ ሐሙስ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ «መቼ ልምጣ?» ሲላት አንገቷን ሰበር፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ «ሐሙስ ና» ትለዋለች። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም።

እጇ ወርቅ ነበር። እሷ የሰፋችው ኮሌታ ከአንገቱ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ሱቋ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በሩ አጠገብ የስፌት መኪናዋ፣ ከኋላዋ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ የብረት መስቀያ አለ። መስቀያው ላይ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ኮት፣ ዚፕ የሚጠብቅ ሱሪ፣ ገበሩ ያልገባለት ጃኬት፣ ጠርዙ ያልታጠፈ ቀሚስ ተደራርበው ይንጠለጠላሉ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ሁሉ ልብስ በነፋሱ ሲወዛወዝ ወረፋ ጠብቆ የሰለቸው ሕዝብ ይመስል ነበር።

ሰነፍ ናት እንዳይባል፣ ጠላቷም ቢሆን እንዲህ አይላትም። ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ ላይ አትነሳም። ችግሯ አዲስ ጨርቅ መውደዷ ነው። አዲስ ጨርቅ ከገባ በእጇ ያለውን ጣል አድርጋ ወደዚያ ነው። መቀሱ ጨርቁን ሰንጥቆ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ ስትሰማ ነፍሷ ትለመልማለች። ቁልፍ መትከል፣ ዚፕ ማስገባት፣ ጠርዝ ማጠፍ ግን ሞቷ ነው። በዚያ ላይ አፏ «አይሆንም» የሚል ቃል አልተፈጠረበትም። ለመጣው ሁሉ «እሺ» ነው።

ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ እሷ ቀድማ ትስቃለች። ጡረታ የወጡት መምህር አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው «እባክሽ ሱሪዬን ቢያንስ ለቀብሬ አድርሺልኝ» ቢሏት፣ ተንከትክታ ስቃ እሳቸውንም አስቃ ሸኘቻቸው። ሳቋን ሰምቶ ቁጣው የማይበርድ ሰው አልነበረም። እሷም ሰው እየሳቀ ከሄደ ነገሩ ያለቀ ይመስላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። ይህች ነርስ ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ሰፋ ያለ ሰማያዊ ቀሚስ አዝዛ ነበር። አሁን ደረቷ ላይ ሕፃን ታቅፋለች።

«ውይ! ወለድሽ እንዴ?» አለች እትዬ ሐሙስ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

«እኔማ ወለድኩ። ቀሚሴንስ አንቺ ወለድሽው?»

ዳቦ ሊገዛ በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ሐሙስም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ነርሷ ግን ሳቁ በረድ ሲል ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ ልቆጣሽ አልመጣሁም። ግን ያቺን ቀሚስ አልሜያት ነበር። የመጨረሻዎቹን ወራት የባሌን ሸሚዝ ለብሼ ነው ሥራ የዋልኩት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እግሬ እያበጠ እመጣለሁ፣ አንቺ ታስቂኛለሽ፣ እመለሳለሁ። ቤት ስደርስ ግን አለቅስ ነበር።»

ነርሷ ሕፃኑን አቅፋ ከሄደች በኋላ እትዬ ሐሙስ መርፌዋን እንደያዘች ብዙ ተቀመጠች። ሰው ከሱቋ ስቆ ሲወጣ እንጂ ቤቱ ሲደርስ የሚሆነውን አስባው አታውቅም ነበር።

ያን ቀን ማለች። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነኝ አለች። ወፍ ሳይንጫጫ ልትነሳ፣ ሻይ ላትጠጣ፣ ከሰው ጋር ላታወራ፣ መስቀያው ባዶ እስኪሆን ቀና ላትል ወሰነች። ሁለት ቀን እንደ ወታደር ሠራች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ ልትጠይቃት ብቅ ስትል ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታንኮራፋ አገኘቻት። ስትቀሰቅሳት ጉንጯ ላይ የአራት ቁልፍ ምልክት ታትሞ ቀርቷል።

«እትዬ፣ ቁልፉን ኮቱ ላይ መትከል ሲያቅትሽ ፊትሽ ላይ ተከልሽው?» ብላ ሳቀችባት።

በማግስቱ አዲስ ጨርቅ መጣ። «እሺ» አለች። ሁሉም ወደነበረበት ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሟ እሷ ጋ መጣ። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጎ እስኪያገግም ብቻውን እንዳይሆን ብላ ነው ያመጣችው። ቀን ቀን ሱቋ በር ላይ ወንበር አውጥታ ታስቀምጠዋለች። ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወጪ ወራጁን ያያል፣ እሷንም ያያል። ሳምንት ያህል ዝም ብሎ ካየ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ፦

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አላት።

«ጠይቀኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔ አውቶቡስ ስነዳ መንገድ ላይ እጁን ላነሳ ሁሉ ብቆም ኖሮ የት እደርስ ነበር?»

«የትም።»

«አንቺ ለሁሉም ትቆሚያለሽ።»

«ታዲያ ሰው ላስቀይም?»

«አሁንስ መቼ ሳታስቀይሚ ቀረሽ? ቀኑን ነው ያራዘምሽው እንጂ።»

ኩርፍ ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። እሱ ግን ከጀመረ የሚተው አይደለም።

«ጠዋት ጠዋት ልብስ ስትመርጪ አይሻለሁ። እጅሽ ወደሚያምረው ነው የሚሄደው። ዚፕ የሚጠብቀውን ምስኪን ሱሪ እንደተጣላሽው ጎረቤት ዓይኑን ሸሽተሽ ታልፊዋለሽ። በሞቴ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ጠዋት መጀመሪያ የምትጠዪውን አንሺና ጨርሺ። ከዚያ የፈለግሽውን ቁረጪ፣ አልናገርሽም።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ተራራ ግፊ መች አልኩሽ? ዚፕ አስገቢ ነው ያልኩሽ።»

በማግስቱ የመምህሩን ሱሪ አወረደች። መድኃኒት አልውጥም እንደሚል ልጅ ዙሪያውን ዞረች። መቀሱን ሳለች፣ መኪናውን ዘይት ቀባች፣ ወለሉን ጠረገች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። ተቀመጠች። የቀዳችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ዚፑ ገብቶ አለቀ። ሱሪውን ከፍ አድርጋ አየችውና «ይኼ ነው እንዴ ይህን ያህል ጊዜ ያስፈራራኝ?» ብላ ራሷን ታዘበች።

ሁልጊዜ እንዲህ ቀና አልነበረም። አንዳንድ ጠዋት የምትጠላውን ልብስ ከሌላው ኋላ ሸጉጣ ያላየች ትመስላለች። ያኔ ከበሩ በኩል «እህ፣ እህ» የሚል ሳል ይሰማል።

«ጉንፋን ያዘህ እንዴ ወንድም ጋሼ?»

«ገበር የሌለው ጃኬት ሳይ ይበርደኛል።»

እየሳቀች ጃኬቱን ታወርደዋለች። ውሎ አድሮ ሳሉም ቀረ፤ ሱቁን ስትከፍት እጇ ራሱ ወደ አስቸጋሪው መሄድ ለመደ። ጠዋት ያን ካቃለለች ቀኑን ሙሉ ትከሻዋ ቀልሎ ነው የምትውለው።

«እሺ» የሚለው ቃል ነበር የባሰው። ለዚህም ወንድሟ መላ አበጀ። ሱቁ ጭር ሲል ሻርፗን ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ድምፁን አቅጥኖ ደንበኛ ይሆናል።

«እትዬዬ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ ለከነገ ወዲያ ብቻ!»

«እሺ፣ ሐሙ...»

«ወደቅሽ! እንደገና።»

እንዲህ እየወደቀች እየተነሳች አንድ ዓረፍተ ነገር አፏን አስለመደች፦ «ጨርቁን ወድጄዋለሁ፤ በእጄ ያለውን ሳልጨርስ ግን መቀስ አላስነካውም።»

ፈተናው የመጣው ከቅርብ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ ከተፍ አለች። ልጇ ልትመረቅ ቀናት ቀርተዋታል። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ በመስኮት የምታቀብላትን ሴት እንዴት አልችልም ትላታለች? ጨርቁ ደግሞ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ፣ ውኃ ነው። እትዬ ሐሙስን ጣቶቿ አሳከኳት። ወንድሟን ብታይ ሆን ብሎ ወደ መንገዱ ዞሯል።

«ጨርቁን ወድጄዋለሁ» አለች እየተንተባተበች። «በእጄ ያለውን ሳልጨርስ ግን... አልችልም እህቴ።»

«ለእኔ? ለእኔ ነው እንዲህ የምትዪው?» ዳቦ ጋጋሪዋ ጨርቋን ጠቅልላ ውልቅ አለች። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ አልተከፈተም። እትዬ ሐሙስ ሻይዋን በደረቁ ጠጣች። ያም ሆኖ ዕለቱን ያቀደችውን ሁለት ቀሚስ ሠርታ ጨረሰች።

ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ሐሙስ ይደርሳሉ የተባሉት ልብሶች በሙሉ አልቀው፣ በካውያ ተተኩሰው፣ ታጥፈው ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። እትዬ ሐሙስ ንጹሕ ሻሽ አስራ በሩን እያየች ተቀመጠች። ረፋዱ አለፈ። ከሰዓት ሆነ። አንድም ሰው አልመጣም።

«ምን ነካቸው?» አለች ድምፅዋ ሊሰበር ትንሽ ሲቀረው።

ወንድሟ ጉልበቱን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። «እታለም፣ ማን አምኖሽ ይምጣ? አንቺ ሐሙስ ስትዪ ሰው የሚቀጥለውን ወር ነው የሚያስበው!»

መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ እሷም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ልብሶቹን ክንዷ ላይ ደራርባ ወጣች። ሐኪሙ በእግሩ ወዲያ ወዲህ በል ብሎት ነበርና ወንድሟም ከዘራውን ይዞ እየተጎተተ ተከተላት።

መምህሩ በራቸውን ሲከፍቱ ሱሪውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ? ወይስ ሱቁን ልትዘጊ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ ጋሼ። ሐሙስ አይደል?»

ሱሪውን ገብተው ለክተው ሲመለሱ ቁልፉ አልገጥም ብሎ በእጃቸው ይዘውታል። «የአንቺ ጥፋት የለበትም» አሉ በቁም ነገር። «አንቺ ሱሪውን እስክትሰፊ እኔ ሰፋሁ።» ያን ጊዜ እትዬ ሐሙስ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። ወገቡን ልታሰፋላቸው ሱሪውን መልሳ ወሰደች፤ «ለማክሰኞ» አለች፣ ማክሰኞም አደረሰችላቸው።

የመጨረሻው የነርሷ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። ወገቡን ሰብስባ፣ ለማጥባት እንዲመች ደረቱን በቁልፍ ከፍታ እንደገና ሠርታዋለች። ነርሷ እዚያው ለብሳው ወጣች። ሕፃኑን ለወንድም ጋሼ አስታቅፋ መስታወት ፊት አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዞረች። «ካሰብኩትም በለጠ» አለች። እትዬ ሐሙስ ቀልድ ሊመጣላት ሲል ዋጥ አደረገችውና «ስላስለቀስኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። ነርሷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ወሬው ከዳር እስከ ዳር ተዳረሰ። ቀስ በቀስ ሰዉ በቀጠሮው መምጣት ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር ከምረቃው በኋላ መስኮቷን ከፈተች። «ጨርቁን ሌላ ቦታ አሰፋሁት» አለች ዳቦውን እያቀበለች፤ «አንዱ ትከሻ ወጥቶ አንዱ ወርዶ፣ ልጄ በፎቶው ላይ ሻንጣ የተሸከመች መስላለች። እስቲ አስተካክዪልኝ፤ መቼ እንደምትደርሺ ግን እውነቱን ንገሪኝ።» እውነቱን ነገረቻት።

አንዴ ተሰናክላ ነበር። ዝናቡ መብራት አጥፍቶ ሲከርም አንድ ኮት እንደማይደርስ ገባት። ከቀጠሮው ቀን በፊት ዣንጥላ ይዛ ባለኮቱ ቤት ድረስ ሄዳ «አልደረሰልኝም፤ ጊዜ ስጠኝ» አለችው። ሰውየው ከኮቱ ይልቅ ይህ ገርሞት ቡና ካልጠጣሽ ብሎ አስቀመጣት።

እንዲህ ሲል ሲል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራው ሁሉ አለቀ። መኪናዋን ሸፈነች፣ ጠረጴዛውን ጠረገች፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ከዚህ በፊት መቼ እንዲህ ሆና እንደምታውቅ አታስታውስም።

«አሁን ምን ይሠራል?» አለች።

ጉልበቱ የተሻለው ወንድም ጋሼ «መንዳት ላስተምርሽ» ብሎ የቀድሞ ባልደረባውን አሮጌ መኪና ለምኖ አመጣ። ከሰፈሩ ዳር ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን አስያዛትና ከጎኗ ተቀመጠ። መኪናዋ አንዴ እንደ ፌንጣ ዘለለችና ጠፋች። እንደገና አስነሳቻት።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ ቀስ! ነዳጅ! እንዲያ ነው... አየሽ?»

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሜዳው በመስኮቱ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ወንድም ጋሼ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጦ በሌላው ኮፍያውን ይዞ «ግራ! ግራ ነው ያልኩሽ! ምን ዓይነት ሴት ናት!» እያለ ይጮኻል፤ እሷ ደግሞ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ሁለት ክርኗን ዘርግታ፣ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞራ ወደ ሁለተኛው ዙር ገባች።