እታለም የሰፋችው ገጽ

የማሽን ዘይትና የጥጥ ብናኝ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እህቴ ከሥራ የገባች ይመስለኛል። በቀደም ከአልጋው ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥኗን ጎትቼ ስከፍት ያ ሽታ ወጥቶ ፊቴን ሞላው። ሳጥኑን የከፈትሁት ለራሴ ብዬ አልነበረም። አንዲት የሰፈራችን ሴት መጥታ ለልጇ የሚሆን መጽሐፍ እንድመርጥላት ለምናኝ ነው፤ እህቴ ትሁን ትመርጥ እንደነበረው፣ ተረት የሆነ፣ ጸያፍ የሌለበት፣ ልጅቱ ብቻዋን ብታነበው እናት የማትሰጋበት። እሺ አልኋት እንጂ እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅም። የምታውቀው እህቴ ነበረች፣ እሷም ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

ሰው ሁሉ ትሁን ይላታል፣ እኔ ግን እታለም ነበር የምላት። አባታችን ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው ጀልባ ላይ ይሠራ ስለነበር የሳምንቱን ብዙውን ቀን ውኃ ላይ ያሳልፍ ነበር፣ እናታችን ደግሞ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ከቤት ወጥታለች፤ ስለዚህ ያሳደገችኝ እታለም ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች፣ ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ የተጣበቀውን ጥጥ በር ላይ አራግፋ ገብታ፣ እኔን አብልታ፣ ደብተሬን አይታ ታስተኛኝ ነበር። እናቴን የጠየቅሁ እንደሆነ «ከሐይቁ ማዶ ጠበል ሄዳለች፣ ሲሻላት ትመጣለች» ይሉኝ ነበር። ጀልባው በመጣ ቁጥር ወደቡ ላይ ቆሜ፣ ከአባቴ በፊት የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ፊታቸውን አይ ነበር። ከፍ እያልሁ ስሄድ ማየቱንም መጠየቁንም ተውሁት።

ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መብራቱን ሲያጠፋብን፣ እታለም ተረት ታወራልኝ ነበር። ተረቶቹ ከመጽሐፍ የመጡ ነበሩ። ያን ጊዜ በአማርኛ እየታተሙ ከሞስኮ የሚመጡ፣ ሥዕላቸው የሚያምር፣ ዋጋቸውም ርካሽ የሆኑ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ፣ እሷም ደመወዝ በወጣ ቁጥር አንድ ይዛ ትገባለች። የቀበሌው ሰዎች አንድ ጊዜ ስለ ንጉሥና ስለ ንጉሥ ልጅ የሚያወራ መጽሐፍ ላንቺ ምን ያደርግልሻል ቢሏት፣ ሽፋኑን ገልጣ የታተመበትን አገር አሳየቻቸው፣ እነሱም ትተዋት ሄዱ። መጽሐፎቹ ውስጥ ያለው አገር የእኛን አይመስልም ነበርና እሷ እያዞረች ነበር የምታወራልኝ፤ ጫካው ደንገል ይሆናል፣ ተኩላው ጉማሬ ይሆናል፣ ልጆቹም በታንኳ ይሄዳሉ። በረዶውን ግን አልለወጠችውም። እኔ የማውቀው በረዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ነበር። «ያኛው ድምፅ የለውም፣ ይቤ» አለችኝ፤ «ፋብሪካ ውስጥ ጥጡ ሲበንን እንደሚወርደው ነው።» በእሷ ተረት ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበሩ። መካከል ላይ በታንኳ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ መጨረሻው ላይ ይመለሳሉ። ልማዷ ይሆናል ብዬ አልፈው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት መጽሐፎቹ ከቤታችን ይወጡ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ለልጆቻቸው ሊዋሱ ይመጣሉ፣ ይኼ ለልጄ ይሆናል ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ እሷም ይሆናል፣ ወይም ይቺኛዋ ለጊዜው ትቆያት ትላለች። ለትንንሾቹ ጨረቃን ልታክም የሄደችውን ልጅ ተረት ትሰጥ ነበር። ከፍ ከፍ ላሉት፣ የፍቅር ልብ ወለድ በድብቅ መቀባበል ለጀመሩት፣ የባሕር ንጉሥ ላግባሽ ሲላት አሻፈረኝ ብላ የራሷን ጀልባ የሠራችውን ትመርጥላቸዋለች። የሚያስፈራ ነገር ቢኖርበት አይከፋም፣ የሚከፋው የሚያስፈራው ነገር ሲያሸንፍ ነው ትል ነበር። ለልጅ አይሆንም ያለችውን ገጽ ግን አትቀድም፤ ከጎረቤቱ ገጽ ጋር አጋጥማ ጠርዙን በነጭ ክር ትሰፋዋለች፣ ክሩንም በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ብዙ አልነበሩም፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ። እናቶቹ የተሰፋውን ሲያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

በጋ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ከየት እንደተነሣ አላውቅም፤ ብቻ ጥር ገደማ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ስንቆም ልጆች ይጠይቁኝ ጀመር። የተሰፋው ውስጥ ምን አለ ይሉኛል። አላውቅም ስላቸው፣ እህትህ ግን ታውቃለች፣ ሳታነበው አትሰፋውም ይሉኛል። ከእኔ ከፍ የሚል አንድ ልጅ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ፣ «የእህትህ መርፌ ስንቱን አየ?» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ እሱ ሆነ፤ መርፌው ይሉኝ ነበር። ትልልቆቹም ያወሩ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ ያላገባች ልጅ፣ ሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ ጸያፉን ለብቻዋ የምታነብ እያሉ። እኔም አመንሁ። ከፈረቃ ስትወጣ መንገዱ ዳር ካለው ዘንባባ ሥር ጠብቄ አብሬያት እመጣ የነበርሁት ልጅ፣ ከሩቅ ሳያት መንገድ እሻገር ጀመር። አንድ ቀን ከልጆች ጋር እንደቆምሁ በአጠገባችን አለፈች፣ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ነበር፣ አየችኝ፣ እኔ ጫማዬን አሰርሁ። እሷም ሳትጠራኝ ሄደች። ማታ እንደወትሮዋ እራት አቀረበችልኝ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ፣ አባቴ ጎርጎራ ሳለ፣ እትዬ አስካለ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። እትዬ አስካለ የገነት እናት ናቸው፣ ገነት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ መጽሐፍ ከእኛ የምትወስደው ልጅ ነበረች። ያን ሰሞን መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ሴት ነበሩና ያገኙትን ሁሉ፣ የሳሙና ወረቀት እንኳ፣ ጮክ ብለው ያነብቡ ነበር። በአንድ እጃቸው መጽሐፍ፣ በአንድ እጃቸው ምላጭ ይዘዋል።

እታለም ይቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም። ልጃቸው የተሰፋውን በምላጭ ልትከፍት ስትል እንደደረሱባት ተናገሩ፣ ከዚያም «እኔ አንቺን አምኜ ነው ልጄን የሰጠሁሽ» አሏት። «እስቲ የምትሰፊው ምን እንደሆነ በጆሯችን እንስማው።»

እታለም መጽሐፉን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ ልጁ ይውጣና ያንብቡት» አለች።

«ይስማ እንጂ። እህቱ አይደለሽ?»

«እባክዎ፣ እትዬ አስካለ። እሱ ይውጣ።»

እንዲህ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሜ አልወጣም አልሁ፤ ነገ ቦኖ ላይ የሚሉኝን እዚሁ ልስማው ብዬ ነው። እትዬ አስካለ ክሩን በምላጩ በጠሱት፣ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና በጣታቸው ፊደል እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ፀሐይን ሊለምን ወደ ክረምት አገር የሄደው ልጅ ተረት ነበር። እኔ የማውቀው ልጁ ሲመለስ እናቱ በታንኳ ስትመጣ ነው።

«ልጁ… ወደ ቤቱ… ተመለሰ። እናቱ ግን… ከተኛችበት… አልተነሣችም። ቀብረዋት… ነበር። ጎረቤቶቹም… ለልጁ… ሩቅ አገር ሄዳለች… አሉት። ልጁም በየማታው… ሳህኗን…»

እትዬ አስካለ ፊደሉ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ጣታቸው ገጹ ላይ እንደቀረ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አመጣች። በሰፈሩ መርዶ እንዳልተነገረኝ የማያውቅ ሰው አልነበረም ለካ፤ ከእኔ በቀር።

እንደ እውነቱ ከሆነ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጸያፍ የለበትም፣ ነገ የሚሉኝ የለም ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለእታለም ነግሬያት አላውቅም።

«እታለም፣ ጠበሉ የት ነው?» አልኋት።

መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። «ጠበል የለም፣ ይቤ» አለችኝ።

ያኔ እትዬ አስካለ ምላጩን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡና አለቀሱ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው፣ ድምፁን የሰሙ ሌሎች ጎረቤቶች ገቡ፣ ቤቱ ሞላ። ዓመታት የዘገየው መርዶዬ በዚያ እሑድ ተነገረ። እናቴን ያልቀበርሁትን እኔን ሰው ሁሉ እየሳመ ሲያለቅስልኝ፣ እታለም ማንም ሳይዛት ግድግዳው አጠገብ ቆማ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የእሷን ልቅሶ የት አስቀምጣው እንደነበር አላውቅም። ሰው ሲበተን እትዬ አስካለ ወደ ኋላ ቀሩና መርፌ እንድትሰጣቸው ጠየቋት። ነጭ ክር አልቆ ነበርና በጥቁር ክር፣ በትልልቁ፣ ገጹን እሳቸው መልሰው ሰፉት። «ሌላ ልጅ እንዳያገኘው» አሉ። በማግስቱ ቦኖ ላይ መርፌው ያለኝ አልነበረም። ወረፋቸውን ሰጡኝ፣ እሱ ደግሞ ከስድቡ ከፋብኝ።

በሚቀጥለው ክረምት እታለም ተረት ስትጀምርልኝ እናቶቹን በታንኳ አልላከቻቸውም። የሞተችዋን ሞተች ብላ ታወራልኝ ነበር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

በቀደም ሳጥኑን ስከፍት ያ መጽሐፍ ከላይ ነበር፣ ጥቁሩም ክር እንዳለ ነው። አጠገቤ ፍሬ ተቀምጣለች። ፍሬ የእታለም ልጅ ናት፤ አባቷ ግንባር ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል፣ አሁን የእኔ ልጅ ናት። እናቷ ስታርፍ መሸንቲ ዘመድ ቤት ነበረች፣ ስትመለስ እማ የት ሄደች ብላ ጠየቀችኝ። ዘመዶቻችን መርዶውን አንተ ንገራት ብለው ለእኔ ትተውት ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው «ጠበል ሄዳለች» የሚል ሆነ። «ወንዛዬ ነው?» አለችኝ፣ ፍል ውኃውን ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም፣ ግን መልሼ አላነሣሁትም።

«አጎቴ፣ ይኼ ለምን ተሰፋ?» አለችኝ መጽሐፉን አንሥታ።

ምላጭ አመጣሁ። ክሩን ቆረጥሁና አነበብሁላት። ጎረቤቶቹ ዘንድ ስደርስ ማንበቡን ተውሁት፣ እትዬ አስካለ የቆሙበት ቦታ አልደረስሁም። ፍሬ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችው፣ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ታነባለች።

«ልጁም በየማታው ሳህኗን አጥቦ ቦታው ላይ ያስቀምጥ ነበር። አንድ ማታ ግን አጥቦ ሰቀለው።» ቀና ብላ አየችኝ። «እማ ወንዛዬ አይደለችም፣ አይደል?»

«አይደለችም።»

የእኔ መርዶ ዕለት ማንም ሳይጠራ ቤቱ ሞልቶ ነበር። አሁን የግቢያችን በር ዝግ ነው፣ ሰዉም በየቤቱ ነው፣ ስለዚህ ፍሬን በእጄ ይዤ ወጥቼ መጽሐፍ የጠየቀችኝን ሴት ጠራሁ። ነጠላዋን እያዘቀዘቀች መጣች፣ ሌሎችም መጡ። ሲመሽ ሴትዮዋ ለመሄድ ስትነሣ መጽሐፉን ሰጠኋት። ሳልሰፋው ነው የሰጠኋት። ለልጇ ንጹሕ መሆኑን ጠየቀችኝ፣ ንጹሕ ነው አልኋት። እታለም ብትኖር ትሰፋው ነበር ወይስ ትተወው ነበር፣ አላውቅም።