ጋሼ ማቲው ቤት ያየናቸው የኬረላ ፊልሞች

ልጅ እያለሁ ቅዳሜዬ ዘፈን በሌለው የህንድ ፊልም ያልፍ ነበር። እናቴ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር፣ ጋሼ ማቲው የሚባሉ ከህንዷ ኬረላ ግዛት የመጡ ክርስቲያን ሽማግሌ ተቀጥራ ትንከባከብ ነበር። በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ሒሳብ አስተምረዋል፤ አማርኛቸው ቢሰባበርም አልጠፋቸውም። ትምህርት በሌለኝ ቀን እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ዝናብ ውስጥ የሚደንሱትን እጠብቃለሁ። ዝናቡ ይመጣል፣ የሚደንስ የለም። በኬረላ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ በተሠራ ፊልም ዝናብ ሲዘንብ ጣራ ያፈሳል፣ ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ይጣላሉ፣ ቄሱ ያስታርቃሉ፣ ሴቶቹ ጓዳ ሆነው እውነቱን ያወራሉ። ቤቱ ዓሣና የኮኮናት ዘይት ስለሚሸት፣ ሽታው ከቴሌቪዥኑ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ማቲው ፊልሙን አቆሙት። ፊልሙ ውስጥ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ አጥፎ የታጠቀ ጎረምሳ፣ አባቱ ሲያልፉ ወደ እግሩ ለቀቀው።

"አየሽ? አልተናገረም። ግን ኬረላ ሁሉ ገባው፤ አባቱን ያከብራል" አሉ።

"እኛስ ነጠላ አደግድገን እንቆም የለ፣ ጋሼ!" አለች እናቴ ደስ ብሏት።

ከዚያ ግሌንዴል የሚኖረው ልጃቸው መጣ። አባቱን መጦሪያ ሊያስገባ አስቧል፤ ጋሼ ደግሞ ሬሳዬ ካልሆነ ከቤቴ አልወጣም ብለዋል። ልጁ እዚሁ ያደገ፣ የአባቱን ፊልሞች የማያይ ሰው ነው። በፊታቸው እናቴን "ብቻውን መኖር ይችላል?" ብሎ ጠየቃት።

እንደሚችሉ ታውቃለች፤ ምግባቸውን እንኳ ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ግን ትልቅ ሰው ተቀምጦ ስለ እሱ መመለስ ነውር ሆነባትና፣ እሳቸው እንዲናገሩ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ጋሼም ልጃቸውን መለመን ክብራቸውን ነክቶት ዝም አሉ። ልጁ ዝምታቸውን "አይችልም" እንደማለት ወሰደው። በሳምንቱ መጦሪያ አስገባቸው።

"ሶ፣ ምን ማለት ነበረብኝ? እሳቸው እያሉ!" እያለች አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰች።

ዛሬ የማላያላም ፊልም ከነትርጉሙ በየስልኩ አለ፤ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ እንደ አዲስ ነገር ይነግሩኛል። እኔም አያለሁ። ያኔ ያልገባኝ ሁሉ አሁን ይገባኛል፤ ጋሼ ማቲው ይናፍቁኛል።

በቅርቡ የእናቴ ሐኪም እሷው ፊት "ብቻዋን መኖር ትችላለች?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ጥያቄው ሳያልቅ "ትችላለች!" አልኩ፣ ክሊኒኩ እስኪሰማ።

"ጮኽሽ እኮ፣ ነውር ነው" አለችኝ ስንወጣ። እጄን ግን እስከ መኪናው ድረስ አልለቀቀችውም።