ኮምፒውተሩ ሲጮህ የዋለባት ሰንበት

ልጅ እያለሁ አንዲት ሰንበት ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ ኮምፒውተራችን ሲጮህ አሳልፈናታል። እስራኤል አገር፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር በነበረችው ጠባብ ቤታችን ሳሎኑን ያጣበበ፣ የአክስቴ ልጆች በቃን ብለው የሰጡን አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ያንን ሽታ ዛሬም የትም ብሆን አውቀዋለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ሺሞን በዚያ ኮምፒውተር ላይ የራሳችን አገር ነበረን። ግንብ እንገነባለን፣ እርሻ እናርሳለን፣ ጦር እናሰለጥናለን። ችግሩ ጦራችን ሲበዛ ነው። የመጨረሻውን የጠላት ግንብ ልንይዝ ስንደርስ ስክሪኑ ድርቅ ይልና ድካማችን ሁሉ ገደል ይገባል። ሺሞን ወታደር ከሆነ በኋላ ደግሞ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ሆነ። አንድ ቀን በስልክ «ሜሞሪ እጨምርበታለሁ፤ ከዚያ አብረን እንጨርሰዋለን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

በዚያ ዓርብ የመጣው በመጨረሻው አውቶቡስ ነው። ቦርሳውን ሳያወርድ ሜሞሪውን ከኪሱ አወጣ። እናቴ «ሰንበት ልትገባ ነው፣ ተው ልጄ» ብትለው፣ «ሬጋ ኢማ፣ ቆይ እናቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!» አላት። ከፈተው፣ ሰካው፣ አበራው። ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ቀረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ... እያለ ይጮህ ጀመር። ሺሞን ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ እናቴ ሻማውን ለኩሳ ጨርሳለች። አያታችን አባባ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ተው፣ አትንካው። ሰንበት ገብታለች፤ እስክትወጣ ማብራትም ማጥፋትም የለም» አሉ። የሺሞን እጅ አየር ላይ ቀረ።

ለእንቅልፍ ጓጉቶ የመጣው ወንድሜ ትራሱን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ሲገላበጥ አደረ። እኔ አለቀስኩ። ተቃጥሎ ቢሆንስ? እሁድ ማለዳ እሱ ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ማንም አያውቅም። በማግስቱ ቅዳሜ አባባ ከጸሎት ሲመለሱ ወንበራቸውን ስበው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። እናቴ «እዚያ ጩኸት ሥር ምን ይሠራሉ?» ብትላቸው፣ «የታመመ ብቻውን ይተዋል እንዴ? ላስታምመው እንጂ» አሉ። ሺሞን በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። በረንዳ ላይ ቆሜ ሰማዩን እያየሁ፣ ሰንበትን «ውጪልኝ፣ እባክሽ ቶሎ ውጪልኝ» እያልኩ ስለምናት ዋልኩ።

ማታ ኮከብ ታይቶ ሰንበት ስትወጣ ሺሞን ሶኬቱን ነቀለው። ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። ሜሞሪውን አውጥቶ እንደገና ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫነው፤ ለካ በደንብ አልገባም ነበር። በራ! ጨዋታውን ስንከፍት ያ ሁሉ ጦር ሜዳው ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እየጮህኩ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «ያላ፣ ግንቡን እንያዘው» እያለኝ ለሰንበት ያጠፋውን ስልኩን ከፈተ፤ እንደከፈተው ጠራ። ከጦር ክፍሉ ነበር። አሁኑኑ ተመለስ ተባለ። በር ላይ «እንዳትነኪው፣ ስመጣ እንጨርሰዋለን፣ በሰደር? እሺ?» አለኝ።

አልነካሁትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከስቶ፣ ዝምተኛ ሆኖ ሲመጣ ጨዋታውን ከፍቼ ጠበቅኩት። አየት አደረገና «ከእንግዲህ የጦርነት ጨዋታ አልፈልግም፣ እህቴ» ብሎኝ ወደ ኩሽና ሄደ።

አባባ ካረፉ ቆዩ። የአሁኑ ኮምፒውተሬ ድምፅ የለውም፤ የፈለገው ጦር ቢሰለፍበት አይደክምም። ያንን ጨዋታ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው እያሻገርኩ አቆይቼዋለሁ፤ ጦራችን ዛሬም ግንቡ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሺሞን ሻአሪያ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ሰንበት ሰንበት እኛ ጋ ይመጣል፣ ይበላል፣ ልጆቼን ያቅፋል፤ ስለዚያ ጨዋታ ግን አንስተን አናውቅም። በረንዳው ላይ የለመንኩት ልመና ትዝ ሲለኝ የዚያችን ልጅ አፍ መያዝ ያምረኛል። ጩኸቱን ዕድሜዬን ሙሉ እችለው ነበር፣ ያቺ ሰንበት ባትወጣብኝ።