እህቴ እናቶችን ያስጎበኘች ዕለት

እህቴ ከዱባይ በተመለሰች በሦስተኛው ወር እናታችንንና አምስት ጎረቤቶቿን አገር ላስጎበኝ ብላ ተነሳች። እዚያ ሳለች ቱሪስቶች ዣንጥላ ከፍ አድርጋ የምትመራቸውን ሴት ተከትለው ሲዞሩ እያየች ትቀና ነበር።

«የኛዎቹስ ምን ጎደላቸው? ከመካነ ሰላም የሚወጡት እኮ ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው» አለችኝ። እኔም ስልኬ ጥሩ ስለሚያነሳ ፎቶ አንሺ ሆኜ ተሾምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በኮንትራት ሚኒባስ ወደ ወረኢሉ አቅጣጫ ወጣን። እህቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ወደ ኋላ ዞረች። «እናቶች፣ በስተቀኝ ገደሉን ተመልከቱ!»

ሁሉም የሚያዩት በስተግራ ያለውን የገብስ ማሳ ነበር። «ይሄን ሁሉ አረም ዝም ያለ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች እናቴ። ስድስቱም የማያውቁትን ገበሬ ሲያሙ ገደሉ አለፈ። ሁለተኛው ገደል ጋ እህቴ መኪናውን አስቁማ አስወረደቻቸው።

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«ገደል ነው» አለች እናቴ።

ከሁሉም ታላቅ የሆኑት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ደግሞ «አላህ ከብቱን ይጠብቅ» ብለው ቀድመው ተሳፈሩ።

ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንኳን ታየ። ውስጡ ሰው አቀርቅሮ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ሾፌር፣ አቁም! ለቅሶ ነው» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አናውቃቸውም እኮ!»

«ታዲያ ወርደን እናውቃቸዋለና!»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ወንድሜ!» እያሉ ገቡ። ማይክ ይዞ ሲናገር የነበረው ሰውዬ ንግግሩን አቋርጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ሻይ የምታድለው ሴት ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች፤ አንድ ሽማግሌም ተከተሏት። እኔ ከኋላ ሆኜ የተሰቀለውን ጨርቅ አነበብኩ፤ «የአርሶ አደሮች የስንዴ ማሳ ጉብኝት» ይላል።

ባለማይኩ ወደ እናቴ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ማን ነው ያረፈው?»

እናቴ እንባዋን ጠረገች። «እኔ ልጠይቅህ እንጂ! የናንተ ሰው አይደለም እንዴ?»

መጀመሪያ የሳቁት ታላቋ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰውዬውም ወደ ማይኩ ተመልሶ «ወገኖች፣ ማንም አልሞተም!» ሲል ተጨበጨበለት።

እኔና እህቴ በሀፍረት እንውጣ ብንል ማን ይልቀቀን። ምሳ በሉ ተባልን፣ በላን። ከዚያ ባለማይኩ ረጅም ዱላ ይዞ ወደ ማሳው ሲመራ እናቶች በሰልፍ ተከተሉት። ዘሩን ጠየቁ፣ አዘራሩን ነቀፉ፣ ታላቋ ጎረቤታችን እሸት በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ቃሙ። እህቴ ዳር ላይ አኩርፋ ተቀመጠች።

«ነይ እንጂ! ሰው እየጎበኘ አንቺ ምን ትቀመጫለሽ?» ብላ እናቴ ጮኸችባት።

ተነስታ ስትመጣ እየሳቀች ነበር።

ወረኢሉ ሳንደርስ መሸብንና ተመለስን። በማግስቱ እናቴ ለጠየቃት ሁሉ እንዲህ ትል ነበር፦ «የዚያ አገር ሰው ደግነቱ! ሳይሞትበት እንኳ ለቀስተኛ ያበላል።»