የእኔ እፍኝ፣ የእርሳቸው እፍኝ

ነገሌ ተመድቤ በምሠራበት ዘመን የአንድ ክሊኒክ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲገነባ ተቆጣጣሪዋ እኔ ነበርሁ። ከሙቀቱ የተነሣ የተቦካው ኮንክሪት ገና ከአካፋው ሳይወርድ እየደረቀ አስቸገረን። ጥቂት ስኳር ሲሚንቶው ከውኃ ጋር የሚያደርገውን ውሕደት ለሰዓታት እንደሚያዘገይ በዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ፤ መጠኑንም በግራም አውቀው ነበር። ሚዛን ግን አልነበረኝም።

«በኩንታል ሲሚንቶ አንድ እፍኝ ስኳር ይጨምሩበት» አልኋቸው ዋናውን ግንበኛ፣ የሊበን አገር ተወላጁን ሽማግሌ። በሚገባቸው ቋንቋ መናገሬ አኩርቶኝ ነበር።

«ሻይ ልናፈላለት ነው፣ አዴ?» ብለው ሣቁ። በአክብሮት የሚጠሩኝ እንደዚያ ነበር።

ስኳሩን ከቀበሌ ከሚታደላቸው ራሽን አመጡ። እኔ «እፍኝ» ስል የራሴን አንድ መዳፍ አስቤ ነበር፤ እርሳቸው ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሁለት እጆቻቸውን ገጥመው ሞሉ። ቆሜ አላየሁም።

በማግሥቱ ግድግዳው በጣት ይወጋ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ዱላውን ሰካበት፤ ዱላው ገባ። ሠራተኞቹ የስኳሩን ነገር ነገሩት።

«አንተ ሽማግሌ! ሰፊው ሕዝብ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ አንተ ለድንጋይ ታልሳለህ? ይህ አሻጥር ነው!»

የልጅ ልጆች ያዩ ሰው «አንተ» ሲባሉ ማንም ቀና አላለም።

«አዴ ታውቃለች፤ ጠይቋት» አሉ ሽማግሌው በዝግታ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መሐንዲስ፣ አንቺ ነሽ ያዘዝሽው?»

«ይህን መጠን አላዘዝሁም» አልሁ።

ሐሰት አልነበረም። በጥንቃቄ የመረጥሁት ዓረፍተ ነገር ነበር። ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ዘርግተው አዩአቸው፤ ከዚያ የቀበሌው ታጣቂዎች ይዘዋቸው ሄዱ።

የበዛ ስኳር ሲሚንቶን ሊያዘገየው እንጂ ጨርሶ ላያበላሸው እንደሚችል አውቅ ነበር። «ጥቂት ቀን እንጠብቅ» ማለት ይበቃ ነበር፤ ያን ካልሁ ግን «እፍኝ» ያለው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በየቀኑ ግድግዳውን ውኃ ብቻ አጠጣሁት።

በሳምንቱ ግድግዳው ጠንክሮ ምስማር አላስገባ አለ። ሄጄ ለሊቀ መንበሩ ነገርሁት።

«መልካም፤ ሥራው ይቀጥል» አለ።

«ግንበኛውስ?»

«ወደ ሜጋ እስር ቤት ተልኳል። አሻጥር ከከሸፈም አሻጥር ነው፣ ጓድ።»

ወደ ሥራዬ ተመልሼ መዝገቡን ሞላሁ። «ቅልቅል» በሚለው ዓምድ ሥር በጥንቃቄ ጻፍሁ፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ውኃ።